የ7518 ጠባይ

በሒሳብ ክፍል አንድ ትልቅ ቁጥር ይሰጠንና፣ ተጋማሽ ነውን? ብቸኛ ነውን? አካፋዮቹስ ስንት ናቸው? ተብለን እንጠየቃለን። መልሱን ለፈተና አጥንተን በማግሥቱ እንረሳዋለን። ቁጥሩ ከየት እንደ መጣና ምን እንደሚሠራ አልተነገረንምና። እኔ ግን ከገዛ አገራችን የተገኘ ቁጥር ቢሰጠን፣ እኛ የካምባ ተማሪዎች ሒሳብን ይህን ያህል አንፈራውም ነበር እላለሁ።

ለምሳሌ በባሕረ ሐሳብ 5500 ዓመተ ኩነኔ ከዘንድሮው 2018 ዓመተ ምሕረት ጋራ ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህም የ2፣ የ3፣ የ7 እና የ179 ብዜት ነው። ተጋማሽ ነው፤ ብቸኛ አይደለም፤ 16 አካፋዮች አሉት። ራሱን ትተን የቀሩትን 15 አካፋዮች ብንደምር 9762 ስለሚሆኑ ከራሱ ይበልጣሉ።

ይሁን እንጂ ከአካፋዮቹ ይልቅ ብዙ የሚነግረን ቀሪው ነው። 7518 ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይቀራል። 1 ሲቀር ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ሳይቀር ዮሐንስ ነውና፣ ዘመኑ ማርቆስ ነው። ደግሞም 365 ቀን 52 ሳምንት ከ1 ቀን ስለ ሆነ ዕለቱ በየዓመቱ በ1 ይገፋል፤ በየ4 ዓመቱም ጳጉሜን 6 ስትሆን ሌላ 1 ይታከላል። ስለዚህ 7518 እና 1879 ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ 3 ይቀራል። ማክሰኞን 1 ብለን ስንቆጥር 3ኛው ሐሙስ ነው። በእርግጥም የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ!

የጨረቃ ሌሊት ደግሞ በየ19 ዓመቱ ወደ ነበረበት ቀን ስለሚመለስ፣ ለ19 ማካፈል የፋሲካን ቀን ለማግኘት ያገለግላል። 4፣ 7 እና 19 ሲባዙ 532 ይሆናሉ፤ ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር የሚሉት ይኸው ነው።

አንዳንዶች «ይህ የቤተ ክርስቲያን እንጂ የትምህርት ቤት አይደለም» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ማካፈል የሁሉም ነው፤ መስከረም 1ም የማንኛችንም ቤት ሃይማኖት ሳይለይ ይገባል። የጀርመኑ የሒሳብ ሊቅ ጋውስም በ1800 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ስለ ፋሲካ ባወጣው ስሌት ዓመቱን ለ19፣ ለ4 እና ለ7 አካፍሏል። ጋውስን የምናደንቅ ከሆነ የአገራችንን ሊቃውንት ስሌት ከክፍላችን ደጅ ማስቀረት ተገቢ አይመስለኝም።

ስለዚህ መምህሮቻችን ቀሪን ሲያስተምሩ ይህን እንዲያሳዩን በትሕትና እለምናለሁ። እናንተም ጓደኞቼ፣ የዘመን መቍጠሪያ ወይም ስልክ ሳታዩ፣ የ2019 መስከረም 1 በምን ዕለት እንደሚውል ከ7519 አውጡና ለወላጆቻችሁ ንገሯቸው። 7519 ብቸኛ ቁጥር መሆን አለመሆኑንም መርምሩ፤ ነገር ግን በመልኩ አትታለሉ!