ኋላውን የማያይ መሪ አይባልም

በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ መብራት፣ ስለ ምግብ አዳራሹ ሰልፍ፣ ስለ ስፖርት ሜዳችንም ብዙ ተጽፏል። ስለ ሞተር ሳይክል የጻፈ ግን እስካሁን አላየሁም። ምናልባት «ሞተርና መምህርነትን ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። የሚያገናኛቸው ነገር እንዳለ እኔ የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታነቡልኝ በቅድሚያ እለምናለሁ።

ጉዳዩን አሁን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በሚቀጥለው ወር ከመምህሮቻችን አንዱ ይሞሸራሉ። እኛ ሰልጣኞችም ደስታችንን ለመግለጽ በሞተር እናጅባቸዋለን ብለን ተነጋግረናል። እስካሁን 14 ሞተር እንደሚገኝ ተቆጥሯል፤ የአንዳንዱ የአጎቱ፣ የአንዳንዱ የወንድሙ፣ የቀረው በኪራይ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኔም ደግፌዋለሁ። ይሁን እንጂ በስብሰባው ላይ ስለ ሪባኑ ቀለም፣ ስለ አበባው፣ ስለ ክላክሱ አመታት እንኳ ሳይቀር ሲወራ፣ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሚሆን፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደምንሄድ፣ አንዱ ቢወድቅ ምን እንደሚደረግ ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አላነሣሁም። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ያሳፈረኝን ነገር እነሆ ዛሬ እናገራለሁ።

ባለፈው ዓመት ለማስተማር ልምምድ ስድስት ሆነን ከከተማ ውጭ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ተመድበን ነበር። መንገዱ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ግማሹ አስፋልት፣ ግማሹ ፒስታ። መኪና የሚገኘው በገበያ ቀን ብቻ ስለነበር በሦስት ሞተር ሁለት ሁለት እየሆንን እንሄድ ነበር። ከነጂዎቹ መካከል መንጃ ፈቃድ ቀድሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከፊት የምሄደውም እኔ ነበርኩ። ማንም አልመረጠኝም፤ ሞተሬ ጥሩ ስለሚጎትት ብቻ ፊተኛ ሆንኩ። የመጨረሻውን ሞተር የሚነዳው ጓደኛችን ደግሞ መንዳት ከጀመረ ገና ሁለት ወሩ ነበር።

አንድ ሰኞ ጧት የተማሪዎች ሰልፍ እንዳያመልጠን ቸኮልን። እኔም ነዳጅ ሰጠሁ። ፒስታው ላይ ስንገባ አቧራው ከኋላዬ እንደ ግድግዳ ቆመ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደርሼ ሞተሬን አቆምኩ፤ ሁለተኛውም ደረሰ። ሦስተኛው የለም። «ይመጣሉ» አልን። ደወል ተደወለ፣ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ፤ አልመጡም። ስልኬን አውጥቼ ሳይ አራት ጊዜ ተደውሎልኛል፤ ለሰልፉ ብዬ ድምፁን አጥፍቼው ኖሯል። ተመልሰን ስንሄድ አንዲት ኩርባ ላይ ሞተሩ ቦይ ውስጥ ተጋድሟል። የነጂው ጉልበት ተልጧል። ከኋላው ተፈናጥጣ የነበረችው ጓደኛችን ደግሞ ቀኝ ክንዷን ታቅፋ ጠጠር ላይ ተቀምጣለች። ውሃ ያመጣላቸው አንድ የከብት እረኛ ልጅ ነው። ከወደቁ 25 ደቂቃ ሆኗቸው ነበር።

ክንዷ ተሰብሮ ስለነበር ስድስት ሳምንት በጀሶ ታሰረ። ጠመኔ መያዝ ስላልቻለች ልምምዷ ወደ ዘንድሮ ተላለፈ። እኛ ያለፍነውን እርሷ አሁን እየደገመችው ነው። ይቅርታ በጠየቅኋት ጊዜ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «አንተ እኮ አልጣልከንም፤ ግን ዞር ብለህ አላየኸንም።» ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ለእርሷ አንብቤላት ፈቅዳልኛለች።

መጀመሪያ ላይ ጥፋቱ የነጂው ነው እል ነበር። «እርሱ ባይፈጥን ኖሮ አይወድቅም» በማለት ኅሊናዬን አባበልኩ። በኋላ ግን ልምድ ያላቸውን ሰዎች ጠይቄ፣ ስለ ቡድን አነዳድ የተጻፈውንም አንብቤ ያስፈጠነው ማን እንደሆነ ተረዳሁ። እስቲ በሒሳብ እንየው። መሪው ከኩርባው ወጥቶ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ ኋለኛው ገና ኩርባው ውስጥ በ30 ላይ ነው እንበል። ልዩነታቸው በየሴኮንዱ ከ8 ሜትር በላይ ይሰፋል። በአምስት ሴኮንድ ውስጥ 42 ሜትር ያህል ተጨማሪ ርቀት ተፈጠረ ማለት ነው። ኋለኛው ያን ለመዝጋት በ70 ቢነዳ እንኳ 15 ሴኮንድ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወደ 300 ሜትር ይጓዛል፤ በዚህ መካከል ሌላ ኩርባ ይመጣል። ስለዚህ መሪው በ60 ሲሄድ የኋለኛው በ70 ለመሄድ ይገደዳል። ሞተሮቹ በበዙ ቁጥር ደግሞ ነገሩ እየባሰ ይሄዳል። እንግዲህ ልምዱ ከሁሉ ያነሰው ልጅ ከሁሉ በላይ እንዲፈጥን የፈረድኩበት እኔ ነበርኩ።

ከዚህ በመነሣት የኔ አስተያየት አጭር ነው፤ የቡድን ጉዞ ፍጥነት የሚወሰነው በፊተኛው ጉልበት ሳይሆን በኋለኛው አቅም መሆን አለበት። የቀረው ደንብ ሁሉ ከዚህ የሚወለድ ነው።

በመጀመሪያ አሰላለፉን እንመልከት። ልምድ ያለው አንድ ሰው ከፊት፣ ሌላ ልምድ ያለው ሰው ከመጨረሻ ይሁን። አዲስ ነጂ ቦታው ከመሪው ቀጥሎ ነው፤ መሪው በስፖኪዮ እያየው በእርሱ አቅም ይሄዳል። በአንድ ቡድን ከአምስት እስከ ሰባት ሞተር ይበቃል። የኛ 14 ሞተር በሁለት ቡድን ሰባት ሰባት ሆኖ፣ በመካከላቸው ለሌላ ተሽከርካሪ የሚበቃ ቦታ ቢተው መንገዱ አይዘጋም።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ብዙዎቻችን ጎን ለጎን መሄድ እንወዳለን፤ እያወራን፣ አንዳንዴም እጅ ለእጅ ተያይዘን። ታዲያ ጉድጓድ ቢመጣ ወይም አህያ ድንገት ብትገባ ወዴት ይሸሻል? በሰፊና ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ መሪው በመስመሩ ግራ በኩል፣ ሁለተኛው በቀኝ በኩል፣ ሦስተኛው እንደገና በግራ፣ እንዲህ እየተዛነፉ መሄድ ነው። በትክክል ከፊቱ ካለው ሞተር ቢያንስ ሁለት ሴኮንድ መራቅ ይገባል። ይህም በ40 ፍጥነት 22 ሜትር ያህል ነው። አለካኩ ቀላል ነው፤ የፊተኛው ሞተር አንድ ምሰሶ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» ብላችሁ ሳትጨርሱ እናንተም እዚያው ከደረሳችሁ ተጠግታችኋል። ኩርባ ላይ፣ ጠባብ መንገድ ላይና ፒስታ ላይ ደግሞ አንድ በአንድ፣ ርቀቱንም ጨምሮ መሄድ ነው። አቧራ ካለ አቧራው እስኪገለጥ መራቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛውና ዋነኛው የስፖኪዮ ደንብ ነው። እያንዳንዱ ነጂ ከኋላው ላለው ለአንድ ሰው ኃላፊ ይሁን። በስፖኪዮው ካላየው ፍጥነቱን ይቀንስ። እርሱ ሲቀንስ ከፊቱ ያለውም እርሱን ያጣውና ይቀንሳል፤ እንዲህ እየተባለ መልእክቱ ያለ ስልክ ያለ ጩኸት መሪው ዘንድ ይደርሳል። መታጠፊያ ላይም ከኋላ የሚመጣው የታጠፍንበትን እስኪያይ መቆየት ነው። እኛ ይህን አንድ ደንብ ብንይዝ ኖሮ ያቺ ልጅ 25 ደቂቃ ጠጠር ላይ አትቀመጥም ነበር።

አራተኛ፣ ከባድ መኪና ስንቀድም አንድ በአንድ ይሁን። ፊተኛው አለፈ ማለት መንገዱ ለኔም ክፍት ነው ማለት አይደለም። እርሱ ያለፈበት ቦታ በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ሲኖትራክ ሊሞላው ይችላል። እያንዳንዱ በገዛ ዓይኑ አይቶ ይለፍ።

አምስተኛ፣ ስለ ሄልሜት። ጸጉር ያበላሻል፣ ሰርግ ላይ መልክ ይሸፍናል ተብሎ ሲቀለድበት ሰምቻለሁ። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አገናዝቦ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ግምገማ ግን ሄልሜት በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ በጭንቅላት ላይ የሚደርስን ጉዳት ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ያመለክታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በመንገድ አደጋ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሕዝብ ይሞታል፤ ከእነዚህም ከመቶ 21 ያህሉ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት እግር ሞተር ላይ የነበሩ ናቸው። የሚፈናጠጠውም ሰው ራስ እንደ ነጂው ራስ አንድ ነውና ለእርሱም ሄልሜት ይገኝለት። በተለይ እኅቶቻችን የሐበሻ ቀሚስና ነጠላ ለብሰው ወደ ጎን ሲፈናጠጡ የልብሱ ጫፍ ሰንሰለትና ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ቢቻል ለነጠላው ቀን ሚኒባስ ቢሳፈሩ ይሻላል። ጠላና ጠጅ የቀመሰ ነጂም ቁልፉን ለሌላ ይስጥ።

ስለ ጨዋነትም ላንሣ። የሰርግ አጀብ ሲባል ምን ምን እንደምናይ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ፊት ጎማውን ያነሣል፤ አንዱ ኮርቻው ላይ ይቆማል፤ ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ ፊቱን ወደ ሙሽሮቹ መኪና አዙሮ በአንድ እጁ ነጂውን ይይዛል። ሌሎቹ ደግሞ መስቀለኛ መንገድ ላይ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ቆመው መኪናውን ሁሉ ያግዳሉ። ለመሆኑ ማን ሥልጣን ሰጣቸው? ከታገዱት መኪናዎች በአንዱ ውስጥ ምጥ የያዛት እናት ብትኖርስ? በሆስፒታል በር፣ በጸሎት ቤት አጠገብ፣ የለቅሶ ድንኳን በተተከለበት ደጅ ክላክስ ማጥፋት ወግ ነው። አባቶቻችን ሙሽራ ይዘው በፈረስና በበቅሎ ሲያልፉ ለቅሶ ቤት ፊት ዘፈን ያቆሙ ነበር፤ እኛ ከፈረስ ወርደን ሞተር ላይ ብንወጣም ወጉ አልወረደም።

የጥቂቶች ባለጌነት ሁሉንም ያስከፍላል። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ወር መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሞተር ሳይክል መንዳት ሲታገድ፣ ዋናው ምክንያት ሆኖ የቀረበው በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። በሞተሩ ዕቃ አድርሶ እንጀራ የሚበላው ሰው ያልሰረቀውን ተቀጣ። እኛም በከተማችን «ሰልጣኞቹ መጡ» ሲባል ሰው በር የሚዘጋብን እንዳንሆን እናስብ። ነገ የምናስተምረው የዚሁ ሕዝብ ልጆች ናቸው። ዛሬ መንገድ ዳር ቆመው የሚያዩን ሕፃናት ነገ ክፍል ውስጥ ስማችንን ይጠሩናል።

ሁለት ተቃውሞ ሰምቻለሁ። አንዱ «ይህ ሁሉ ደንብ ደስታውን ይገድለዋል» የሚል ነው። እኔ ደስታ የሚገድል ነገር አይቻለሁ፤ ደንብ አልነበረም። ሁለተኛው ከአንዳንድ መምህሮቻችን የመጣ ነው፤ «ከነጭራሹ ይቅር» ይላሉ። ሥጋታቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን አጀቡ ቢቀር እንኳ የልምምድ ትምህርት ቤቶቹ መንገድ አይቀርም። ብዙዎቻችን ስንመረቅ የምንመደበው መኪና በማይደርስበት ገጠር ነው፤ እዚያም ከመምህራን ጋር ሞተር ለሞተር እየተከታተልን እንሄዳለን። ስለዚህ ከመከልከል መማር ይሻላል፤ ከተቻለም ለልምምድ የምንሄድበትን መጓጓዣ ተቋማችን አስቀድሞ ቢያስብበት መልካም ነው።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከሰርጉ በፊት ባለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነጂዎች ሁሉ ስፖርት ሜዳ እንሰብሰብ። ፍሬን፣ ጎማ፣ ፍሬቻ፣ ነዳጅ ይታይ። መንጃ ፈቃድ የሌለው አይነዳም ብለን እንወስን። መሪና የመጨረሻ ነጂ እንምረጥ፤ ለማቆም፣ ለመቀነስ፣ ጉድጓድ ለማሳየት የምንጠቀምበትን የግራ እጅ ምልክት እንስማማ፤ ከዚያ ሜዳውን ሦስት ጊዜ በሰልፍ እንዙር። ሁለት ሰዓት አይፈጅም።

በመማሪያ ክፍልም ቢሆን መምህሮቻችን ዘወትር የሚነግሩን ይህንኑ ነው፤ ፊት ወንበር የተቀመጠው ጎበዝ ተማሪ ገባው ማለት ክፍሉ ገባው ማለት አይደለም። እኔ ይህን ደብተሬ ላይ ጽፌ፣ በፈተናም መልሼ፣ መንገድ ላይ ግን ረሳሁት።

በመጨረሻም ጓደኞቼን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። መሪ ሁን ያላችሁኝ አላችሁ፤ አመሰግናለሁ፤ ለሌላ ስጡት። ለእኔ የመጨረሻውን ቦታ ስጡኝ። ከኋላ ሆኜ ማንም እንዳልቀረ ልቁጠር።