ሁለት ፊርማ ያልበቃው ኑዛዜ

ባለፈው እሑድ ጎረቤቴ ቡና ላይ፣ «እኛ እንኳ ኑዛዜ አያስፈልገንም ሲስተር፤ ባለቤቴ ቤቱ የእሷ ነው ብሎ ለልጆቹ በአፉ ነግሯቸዋል» አለችኝ። ልጆቹ ከቀድሞ ትዳሩ የተወለዱ ናቸው። ስኒዬን አስቀመጥኩ፤ አንድ የቆየ ነገር መጣብኝ።

ሥራ ላይ ሳለሁ ሌሊት ተረኛ በነበርኩበት ክፍል አንድ በጠና የታመሙ አባት ተኝተው ነበር። ሁለተኛ ሚስታቸው ከአልጋቸው ሥር አይጠፉም፤ አብረው ልጅ አልወለዱም። አንድ ምሽት ሰውየው የወንድማቸውን ልጅ ወረቀት አስይዘው «የምንኖርበት ቤት ለባለቤቴ ይሁን» ብለው አስጻፉት። በሚንቀጠቀጥ እጅ ፈረሙ። እኔና አንዲት የሥራ ባልደረባዬም በምስክርነት ፈረምን። ጽድቅ የሠራን መስሎን ነበር። በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ከወራት በኋላ ፍርድ ቤት ተጠርቼ ያየሁትን መሰከርኩ። ኑዛዜው ግን ፈረሰ።

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ተናዛዡ ለሌላ ሰው ነግሮ የሚያስጽፈው ኑዛዜ በእሱና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑ እዚያው ወረቀቱ ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ ሁሉም ወዲያው ይፈርማሉ ወይም አሻራቸውን ያኖራሉ። ሁለት ምስክር የሚበቃው አንዱ ዳኛ ወይም በሥራው ላይ ያለ ውል አዋዋይ ሲሆን ነው። እኛ ሁለት ነርሶች ነበርን። መነበቡንም ማንም አልጻፈም። ሰውየው ራሳቸው ሙሉውን በእጃቸው ጽፈውት፣ ኑዛዜ መሆኑን ገልጸው፣ ቀን ጽፈውና ፈርመው ቢሆን ኖሮ ምስክር ባላስፈለገ። እንዲህ ያለው ኑዛዜ ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ይፈርሳል።

ኑዛዜው ሲፈርስ ሚስቲቱ ምን ደረሳቸው? ይህን ስናገር የማያምኑኝ ብዙ ናቸው፤ በዚህ ሕግ ባልና ሚስት አንዳቸው የሌላው ሕጋዊ ወራሽ አይደሉም። ኑዛዜ ከሌለ በመጀመሪያ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፤ በእኩል ድርሻ። ሚስት ከጋራ ሀብት ግማሹን ታገኛለች፤ ያ ግን የራሷ ድርሻ እንጂ ውርስ አይደለም። የሰውየው ቤት ደግሞ ከጋብቻው በፊት ያፈሩት የግል ሀብታቸው ነበር። ሙሉ በሙሉ ለልጆቹ ሆነ። (በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት የተስማሙ ቤተሰቦች ጉዳይ በራሱ ሥርዓት ይታያል።) ሴትየዋ ዕቃቸውን ጭነው እህታቸው ዘንድ ገቡ። ከዚያ በፊት ግን ክፍላችን ድረስ መጥተው ስለመሰከርኩላቸው አመስግነውኝ ሄዱ። ያ ምስጋና እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ለጎረቤቴም ይህንኑ ነገርኳት። የቃል ኑዛዜ የሚባል ነገር አለ፤ በሁለት ምስክር ፊት ይነገራል። የሚያገለግለው ግን ስለ ቀብር ሥርዓት፣ አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆች ሞግዚት ስለ መሰየምና ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየም ይፈርሳል። ቤት በዚህ አይተላለፍም።

«እንግዲያው ሁለታችን በአንድ ወረቀት እንጽፋለና!» አለች። እሱም አይሆንም። ባልና ሚስት በአንድ ሰነድ የሚያደርጉት ኑዛዜ ዋጋ የለውም፤ እያንዳንዱ የየራሱን ነው የሚናዘዘው። ጤና እያለ፣ መታወቂያ ይዞ ውልና ማስረጃ መሄድ ይሻላል። ልጁን ከውርስ መንቀል የሚፈልግ ደግሞ ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ መግለጽ አለበት።

ማታ ባለቤቷ በሬን አንኳኳ።

«ሲስተር፣ ልትገድይኝ ነው እንዴ?» አለ እየሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለመሆኑ ሁለታችንም በአንድ ቀን መሄድ እንችላለን?»

በአንድ ቀን ይቻላል አልኩት፤ በአንድ ወረቀት ነው የማይቻለው።