መጥሪያ ደርሶ ዝም ማለት ሶብር አይደለም



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ጽሑፍ ከማንም በፊት የሚወቅሰው እኛኑ ነው።

ከጀመዓችን አንድ ነጋዴ ከሌላ ሙስሊም ነጋዴ ጨርቅ በዱቤ ወሰደ። ለመተማመኛ ቼክ ፈርሞ ሰጠ። የተበላሸውን ጨርቅ መለሰ፤ ከዕዳውም ከፊሉን በእጅ ከፈለ። ቼኩን ግን «ወንድሜ ነው» ብሎ አላስመለሰም። ባለገንዘቡም በቼኩ ላይ ባለው ሙሉ ገንዘብ ከሰሰው። መጥሪያውን ይዞ መስጂድ ሲመጣ ምን አልነው? «ሶብር አድርግ፣ በሽምግልና እንጨርሰዋለን፣ ሙስሊም ከሙስሊም አይካሰስም።» ሽማግሌዎች ከጁሙዓ ጁሙዓ ሲቀጣጠሩ ቀኑ አለፈ። የመለሰውንና የከፈለውን ጨምሮ ሙሉውን እንዲከፍል ተፈረደበት።

ክሱ በአጭር ሥነ ሥርዓት የቀረበ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 284 ጀምሮ ይደነግገዋል። ልኩ የታወቀ የገንዘብ ዕዳ በቼክ ወይም በውል ሲጠየቅ፣ ከሳሹ «ተከሳሹ መከላከያ የለውም ብዬ አምናለሁ» ብሎ በቃለ መሐላ ያረጋግጣል። ተከሳሹ እንደ ሌላው ክስ ዝም ብሎ መልስ አይሰጥም፤ አስቀድሞ «ቀርቤ እንድከላከል ይፈቀድልኝ» ብሎ በመጥሪያው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ማመልከት አለበት። ካላመለከተ ከሳሹ ፍርድ ያገኛል።

ማመልከቻው በቃለ መሐላ ይደገፋል። «ዕዳ የለብኝም» ብቻ አይበቃም። ምን መለስክ? መቼ ከፈልክ? ማን አየ? የባንክ ደረሰኝ፣ የስልክ መልእክት፣ ምስክር አለህ? መከላከያህ ለሙሉው ነው ወይስ ለከፊሉ? ፍርድ ቤቱ በዚህ ደረጃ የሚያየው ክርክር የሚገባው ጉዳይ መኖሩን ነው። ዋስትና አስይዝ ብሎም ሊፈቅድ ይችላል።

«ፍርድ ቤት መሄድ ኢማን ያጎድላል» የምትሉ ሆይ! የንግድ ዕዳ በአዋጅ 188/1992 ለፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ከተሰጡት ከጋብቻ፣ ከውርስና ከወቅፍ ጉዳዮች ውስጥ አይደለም። ታዲያ ይህ ወንድም የት ሄዶ ይናገር? በዲናችንስ ቃዲ የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ እንዳይፈርድ አልተማርንም? ልስማ የሚል ዳኛ እያለ አንደበትን መዝጋት ሐቅን ማስበላት ነው። ሽምግልናውም ይቀጥል፤ ማመልከቻው ግን በቀኑ ይግባ።

አንተ ከሳሽ! ዕቃው እንደተመለሰልህ እያወቅህ «መከላከያ የለውም» ብለህ ከማልክ፣ ያ የሐሰት መሐላ ነው፤ ከከባባድ ወንጀሎችም አንዱ ነው። ዳኛው ባያውቅ አላህ ያውቃል።

አንተም ተከሳሽ! ያለብህን እያወቅህ ቀን ለመግዛት ፈቃድ አትጠይቅ። መክፈል የሚችል ሰው ዕዳውን ማጓተቱ ዙልም መሆኑን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ያለብህን እመን፣ በቀረው ተከራከር።

የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ አል-በቀራ 282፣ ዕዳን ስለ መጻፍና ስለ ማስመስከር ነው። «ወንድሜ ነው» ማለት ይህን ትእዛዝ አይሽረውም። ስትከፍል ደረሰኝ ተቀበል፤ ዕዳህን ስትጨርስ ቼክህን አስመልስ።

እኛም ከእንግዲህ መጥሪያ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ የምንጠይቀው «ቀኑ መቼ ነው?» ብለን ነው። ኢንሻአላህ።

ወሏሁ አዕለም።