ከባሕር የወጣ ዕቃ የማን ነው?

ሰው በመንገድ ሲሄድ የጥንት ገንዘብ ወድቆ ቢያገኝ «እኔ አገኘሁት፤ ስለዚህ የእኔ ነው» ይላል። ይህ ነገር ለብዙ ሰዎች እውነት ይመስላቸዋል። ነገር ግን ያገኘው ሰው ብቻውን ጌታ የማይሆንበት ዕቃ አለ። እርሱም ካለፉት ሰዎች ለሚመጡት ልጆች የተላለፈ ዕቃ ነው። ይህም በእንግሊዝ አገር በአንዲት መርከብ ታወቀ።

ሜሪ ሮዝ የምትባል መርከብ ነበረች። እርስዋም የእንግሊዝ ንጉሥ የሄንሪ 8ኛ የጦር መርከብ ነበረች። በፈረንጆች ቍጥር በ1545 ዓ.ም. በሐምሌ ወር፥ ከፖርትስመዝ ወደብ አጠገብ ከፈረንሳውያን መርከቦች ጋር ስትዋጋ ወደ ጐንዋ አዘነበለች። መድፍ በሚተኰስባቸው መስኮቶችም ውሃ ገባባትና ሰጠመች። በውስጥዋ ከነበሩት ከ400 ከሚበልጡ ሰዎች የዳኑት 40 እንኳ አይሞሉም። ጠላት እንዳይወጣባት በላይዋ መረብ ተዘርግቶ ነበርና፥ ያ መረብ ብዙዎቹን እንዳያመልጡ ያዛቸው።

ከዚያ በኋላ የመርከቢቱን እኩሌታ ጭቃ ሸፈነው። ከጭቃው በላይ የቀረውን ማዕበልና እንጨት የሚበላ ትል አጠፉት። ከጭቃው በታች ያለው ግን አየር ስላላገኘው ሳይበሰብስ ተቀመጠ።

በ1836 ዓ.ም. የዓሣ አጥማጆች መረብ በዚያ ስፍራ ተያዘ። ጠላቂዎችም ወርደው መርከቢቱን አገኙ። መድፍና ሌላም ዕቃ አወጡ፤ ከዚያም ከፊሉ ተሸጠ። እነርሱ ሥራቸውን ከተዉ በኋላ ስፍራው ተረሳ፤ መርከቢቱም ደግሞ ጠፋች።

በ1965 ዓ.ም. አሌክሳንደር መኪ የሚባል ጸሐፊ ይህችን መርከብ ለመፈለግ ተነሣ። ከእርሱም ጋር በገዛ ፈቃዳቸው ያለ ደመወዝ የሚጠልቁ ሰዎች ተባበሩ። ውሃው ጨለማና ብርድ ነበረ፤ ሆኖም ስድስት ዓመት ሙሉ አልታከቱም። በ1971 ዓ.ም. የመርከቢቱን እንጨት አዩ። ማርጋሬት ሩል የምትባል የጥንት ነገር መርማሪ ደግሞ ሥራውን በዓይንዋ ለማየት ብላ በጐልማሳነትዋ ጊዜ መጥለቅን ተማረች። በ1973 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት የጥንት መርከቦች የሰጠሙበትን ስፍራ ማንም እንዳይነካ የሚከለክል ሕግ አወጣ።

ከ1979 እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ ከ500 የሚበልጡ ፈቃደኞች ጠላቂዎች ወደዚያ ስፍራ 28,000 ጊዜ ያህል ወረዱ። ሥራቸውም ዕቃ መልቀም ብቻ አልነበረም። ጭቃውን በጥቂት በጥቂቱ ያነሡ ነበር፤ ዕቃውን ከስፍራው ሳያነሡ ይለኩት፥ ሥዕሉንም ይሥሉት ነበር፤ የተገኘበትንም ቦታ ይጽፉት ነበር። ከ19,000 የሚበልጥ ዕቃ ተገኘ፤ ከዚያም ለቤቱ የወሰደ አልነበረም፤ ሁሉም በአንድነት ተጠበቀ። የቀረው የመርከቢቱ አካልም በጥቅምት 11 ቀን 1982 ዓ.ም. ከባሕር ወጣ።

የእነዚህ ሰዎች ሥራ ከመድፍ ሻጮቹ ሥራ ይበልጣል። ምክንያቱም የጥንት ዕቃ የሚናገረው በስፍራው ሳለ ነው። በመርከቢቱ ውስጥ የአንድ ትንሽ ውሻ አጥንት በአናጢው ክፍል በር አጠገብ ተገኘ። ይህን አጥንት አንድ ሰው ሳይጽፍ ወስዶት ቢሆን ኖሮ፥ የቀረው አጥንት ብቻ ነበረ፤ ያ ውሻ በአናጢው ደጅ እንደ ሞተ ግን ማንም ባላወቀ ነበር። ከብራና መጽሐፍ አንድ ቅጠል የቀደደ ሰው ቅጠሉን ያገኛል፤ ነገሩን ግን ያጣዋል፤ መጽሐፉም ጐደሎ ይሆናል።

አንዳንድ ሰዎች ግን «በባሕር ውስጥ በከንቱ ከሚጠፋ፥ ያገኘው ወስዶ ቢጠቀምበት ምን ክፋት አለው?» ይላሉ። ባሕር እንደሚያጠፋ እውነት ነው፤ ማውጣትም መልካም የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ብዙ ዘመን በውሃ ውስጥ የኖረ እንጨት ወጥቶ ሲደርቅ ይኰማተራል፥ ይሰነጠቃልም። ስለዚህ ሜሪ ሮዝን መጀመሪያ ውሃ፥ ኋላም ሰም የመሰለ መድኃኒት እየረጩ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ጠበቁአት። መጠበቅ ሳይችል የሚያወጣ ሰው ከማዕበሉ የባሰ አጥፊ ነው። ደግሞም ያ ስፍራ የብዙ ሰዎች መቃብር ነበረ። መቃብርን ለትርፍ መቈፈር ነውር ነው።

ዛሬ ሜሪ ሮዝ በፖርትስመዝ በቤተ መዘክር ውስጥ ትታያለች። የድኻም ልጅ የሀብታምም ልጅ የአናጢውን መሣሪያና የቀስተኞቹን ቀስት ይመለከታል። ጠላቂዎቹ አንዱን ሳህን፥ አንዱን ቀስት እየተካፈሉ ሄደው ቢሆን ኖሮ፥ ለእያንዳንዳቸው ጥቂት፥ ለልጆች ግን ምንም ባልቀረ ነበር።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ በእርሻ ወይም በወንዝ ዳር የጥንት ዕቃ ብታገኙ አትስበሩት፥ አትደብቁትም፥ ከስፍራው አታንሡት። ቦታውን በምልክት ለዩና ለመምህራችሁ ወይም ለአገር ሽማግሌ ንገሩ። ያገኘ ሰው ባለቤት አይደለም፤ ጠባቂ ነው። ጠባቂም የሚመሰገነው የተሰጠውን ሳያጐድል ለሚቀጥለው ሲያስረክብ ነው።