ከጽሑፉም ከልምምዱም በፊት

የሥነ ልቡና ትምህርት በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ የሚከታተል ተማሪ፣ የክፍል ትምህርቱን ፈጽሞ ከመጨረሻው ዓመት ደጃፍ በደረሰ ጊዜ፣ በሰሜን አሜሪካ በሚገኙ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ ከሁለት ነገሮች አንዱን እንዲመርጥ ይጠየቃል፤ ይኸውም ወይ አንድ ጥያቄ አንሥቶ፣ መርምሮና ጽፎ፣ በመምህራን ፊት ቆሞ መልስ የሚሰጥበትን የመመረቂያ ጽሑፍ ማዘጋጀት፣ አለዚያም በሆስፒታል ወይም በትምህርት ቤት ወይም በምክር አገልግሎት ቤት ተመድቦ፣ ከተቸገረው ሰው ጋር ፊት ለፊት እየተቀመጠ፣ የተወሰነ ሰዓት የተግባር ልምምድ መፈጸም ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ጸንቶ የኖረው ሥርዓት ግን ለማስተርስ ማዕርግ ጽሑፉን ዋና አድርጎ የሚይዝ ሲሆን፣ ልምምዱ በሚሰጥበት የትምህርት ክፍል እንኳ ከጽሑፉ ጎን የሚቆም እንጂ ጽሑፉን የሚተካ ሆኖ ሲቈጠር እምብዛም አይታይም። ይህም ሆኖ ክርክሩ ከእኛ ደጅ አልራቀም፤ በባሕር ማዶ የሚማሩት ልጆቻችን ምርጫው በቀረበላቸው ጊዜ ምክር ፍለጋ ወደ አገር ቤት ይደውላሉ፣ እዚህ ያሉትም «ቴሲሱ ቀርቶ በኢንተርንሺፕ ቢተካልን ምናለበት» እያሉ በየሻይ ቤቱ ይከራከራሉ።

ለዚህ ጥያቄ ሲሰጥ የምንሰማው የተለመደ መልስ አጭር ነው፤ ሦስተኛ ዲግሪ የሚያስብ ጽሑፉን ይያዝ፣ ወደ ሥራ የሚቸኩል ልምምዱን ይያዝ ይባላል። መልሱ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። የዶክትሬት ተማሪ የሚቀበሉ መምህራን፣ አመልካቹ ምርምር ጀምሮ መጨረስ እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ ማየት እንደሚወዱ የታወቀ ነው። በሌላውም ወገን፣ በአሜሪካ የምክር አገልግሎት ትምህርትን የሚመዝነውና ካክረፕ እየተባለ የሚጠራው ድርጅት፣ ተማሪው 100 ሰዓት የመጀመሪያ ልምምድ፣ ከዚያም በኋላ 600 ሰዓት ኢንተርንሺፕ እንዲፈጽም፣ ከ600ውም ውስጥ 240ው ከባለጉዳይ ጋር በቀጥታ የሚሠራበት እንዲሆን ስለሚያዝ፣ በዚህ ሥርዓት የሚማር ሰው ልምምዱን ዘልሎ መሄድ አይሆንለትም። ነገር ግን ይህ መልስ የነገውን እንጀራ ሲያሰላ የዛሬውን ትምህርት ረስቷል፤ ከዚህም ይልቅ የሚያስከፋው፣ መመርመርና መፈወስ ባለቤታቸው የተለያየ ሁለት ሙያዎች እንደ ሆኑ አድርጎ ማሰቡ ነው።

ትምህርቱ በተወለደበት ዘመን እንዲህ ያለ መለያየት አልነበረም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1879 ዊልሄልም ዉንት በጀርመን አገር በላይፕሲክ ከተማ የሥነ ልቡና ቤተ ሙከራ ካቋቋመ በኋላ፣ ከእርሱ ዘንድ ተምሮ የዶክትሬት ማዕርግ የተቀበለው አሜሪካዊው ላይትነር ዊትመር፣ በ1896 በፊላዴልፊያ፣ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የመጀመሪያውን የሥነ ልቡና ክሊኒክ ከፈተ። የክሊኒኩን ሥራ ያስጀመረውም ጉዳይ ከመጽሐፍ የተገኘ አልነበረም፤ አንዲት የትምህርት ቤት መምህርት፣ ፊደል አቀናብሮ ቃል መጻፍ ያቃተውን አንድ ተማሪዋን ይዛ መጣች፤ ዊትመርም ልጁን ሰነፍ ነው ወይም ደካማ ነው ብሎ ከመፍረድ ተቈጥቦ በጥንቃቄ ቢመረምረው፣ ለችግሩ የዓይኑ ጉድለት አንድ ምክንያት ሆኖ ተገኘ። መነጽር ታዘዘለት፣ ከዚያም በኋላ ማስተማሩ ቀጠለ። በዚህ ሥራ ውስጥ ምርምሩ የት አልቆ ርዳታው የት እንደ ጀመረ ለይቶ ማመልከት የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም።

መለያየቱ የመጣው ባለሙያ በብዛት በተፈለገ ጊዜ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ መንፈሳቸው ተሰብሮ የተመለሱት ወታደሮች የአሜሪካን የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች በሞሉ ጊዜ፣ እነርሱን የሚረዳ ሰው እንዴት ይሠልጥን የሚለው ጥያቄ አስጨናቂ ሆነ፤ በ1949ም በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት በቦልደር ከተማ የተሰበሰቡት ሊቃውንት ለሁለት ሳምንት ያህል ተወያይተው፣ የሥነ ልቡና ሐኪም ተመራማሪም ባለሙያም ሆኖ ይውጣ ብለው ወሰኑ። ውሳኔው በወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ሃያ አራት ዓመት ቈይቶ፣ በዚያው በኮሎራዶ፣ ቬይል በምትባል ከተማ የተደረገው ሌላ ጉባኤ ደግሞ፣ በተግባር ላይ ይበልጥ የሚያተኩር ሥልጠናም የተገባ ነው ሲል ተቀበለ። እንግዲህ ዛሬ ተማሪው በአንድ ቅጽ ላይ ምልክት አድርግ የሚባልበት ምርጫ፣ እነዚያ ሊቃውንት ተከራክረው ያልጨረሱት ክርክር ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ በእውነት የሚያስተምረውን ነገር ለማየት፣ መጠይቅ በትና ሰብስባ ማታ ከክፍሏ የተቀመጠችን አንዲት ተማሪ እናስብ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጭንቀት ለማጥናት የበተነችው ወረቀት ተመልሶ መጥቷል፤ አገላብጣ ስታየው ግን አንዱ ልጅ ከመጀመሪያው ጥያቄ እስከ መጨረሻው መካከለኛውን ዐምድ እያከታተለ ምልክት አድርጎበታል፤ ሌላው ሁለት ገጽ ሙሉ ዘሏል፤ ሦስተኛው የጎኑን ልጅ መልስ ቃል በቃል ገልብጧል። እነዚህን ወረቀቶች ብታስወግድ ቍጥሩ ያንስና፣ አማካሪዋ ደስ የሚሰኝበት ውጤት ይደበዝዛል፤ ብታስገባቸው ማንም አያውቅባትም። ያን ሌሊት ወረቀቶቹን ለይታ፣ ለምን እንዳስወገደቻቸውም በጽሑፏ ውስጥ በግልጽ ያሰፈረች እንደ ሆነ፣ ማስረጃ ከምኞት የሚለይበትን መንገድ ተምራለች፤ ይህንንም ትምህርት በሕይወቷ ዘመን አንድ መጠይቅ እንኳ ዳግመኛ ባትበትን፣ ባለጉዳይ ፊቷ በተቀመጠ ቍጥር ትፈልገዋለች፤ የመሰላትን ሁሉ እውነት ነው ብላ እንዳትቸኩል ይከለክላታልና። ሆኖም በየዩኒቨርሲቲው አካባቢ በመብራት ዕንጨት ላይ ስልክ ቍጥር እየለጠፉ «ምርምር እናማክራለን» የሚሉት ሰዎች ምን እንደሚሸጡ የማናውቅ መስለን ይህን ውዳሴ ብንጽፍ አንባቢ ይታዘበናል። ኤስ ፒ ኤስ ኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ሌላ ሰው ያወጣለትን ሠንጠረዥ ተሸክሞ፣ በጥቍር ጨርቅ አስጠርዞ ወደ ፈታኞቹ የሚገባ ተማሪ፣ ከዚያ ሌሊት ምንም አልቀመሰም።

ልምምዱስ? አንዲት ተለማማጅ በምክር ክፍል ተቀምጣለች እንበል፤ እናት ዐሥራ አምስት ዓመት የሞላትን ልጇን ይዛ ትገባለች፤ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ቀርታለች፣ ከቤተ ሰብም ጋር መነጋገር ትታለች። ተለማማጇ ልጅቷን ስትጠይቅ እናቲቱ ትመልሳለች፤ እንደገና ልጅቷን ስትጠይቅ አሁንም እናቲቱ ትመልሳለች። በኋላ እናቲቱ ለጥቂት ጊዜ እንድትወጣ ተደርጎ ሁለቱ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ልጅቷ ዐንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች፤ ዝምታው እየረዘመ ሲሄድም ተለማማጇ «አይዞሽ፣ በርቺ፣ ሁሉም ያልፋል፣ እግዚአብሔር ያውቃል» እያለች ምክሯን ታወርደዋለች። በማግስቱ ጉዳዩን በሱፐርቫይዘሯ ፊት ስታቀርብ፣ ያ አዛውንት ባለሙያ በመጽሐፍ ላይ ስላለው የሕክምና ዘዴ አንዳች አይጠይቋትም፤ «ልጄ፣ እሷ ዝም ባለች ጊዜ አንቺን ምን ተሰማሽ?» ይሏታል። «ፈራሁ» ትላለች። «እንግዲያው ያ ሁሉ አይዞሽ ለማን ነበር?» ብለው ጠይቀው ይተዋታል። ያን ጥያቄ የትኛውም የንባብ ዝርዝር፣ የትኛውም ፈተና አይጠይቃትም፤ ተለማማጇም ወደዚያች ልጅ ስትመለስ ዝምታን መታገሥ ትጀምራለች።

ነገር ግን አዛውንቱን ከዚህ ታሪክ አውጥተን እንመልከተው። ተለማማጇ አይዞሽ እንዳለች ትቀራለች፤ ልጅቷ አትመለስም፤ ተለማማጇም ልጅቷ ያልመጣችው ስለ ተሻላት ነው ብላ በደስታ ትመዘግባለች። እንዲህ ያለው ልምምድ ስድስት መቶ ሰዓት ቢደጋገም ስሕተቱን ልማድ ከማድረግ በቀር ሌላ ፍሬ የለውም። እኔም በዚህ ክርክር ውስጥ ያለኝ ሐሳብ ይኸው ነው፤ ተማሪው መምረጥ ያለበት በጽሑፍና በልምምድ መካከል ሳይሆን፣ ሥራውን ቃል በቃል ሰምቶ የሚያርም መምህር ባለበትና በሌለበት መካከል ነው። ሰሚና አራሚ ከተገኘ፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ መሥራት ለሚፈልግ ተማሪ ልምምዱ ከጽሑፉ ይበልጥበታል ብዬ ያለ ማመንታት እናገራለሁ። ካልተገኘ ግን ጽሑፉ ይሻላል፤ የመጥፎ ጽሑፍ ዕዳ በአብዛኛው የጸሐፊው ብቻ ሲሆን፣ የመጥፎ ልምምድ ዕዳ ግን የሚወድቀው ርዳታ ፈልጎ በመጣው በሦስተኛው ሰው ላይ ነውና።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአብነት ተማሪ ስንቁን ቋጥሮ ከአገሩ ሲነሣ የሚጠይቀው ማን አለ ብሎ ነው፤ ዋሸራ ወይም ዋድላ የሚሄደው የቅኔው መምህር በዚያ ስላሉ ነው፤ መምህሩ በሌላ ደብር ቢቀመጡ ተከትሏቸው ይሄዳል። ከደረሰም በኋላ ቅኔውን ቈጥሮ፣ በመምህሩ ወይም በአስነጋሪው ፊት ይነግራል፤ ስሕተቱም ከአፉ ሳይርቅ ይታረማል። የራሱን ድርሰት ማዘጋጀትና በሰሚ ፊት መፈተን በዚያ ጉባኤ አንድ ሥራ ስለ ሆነ፣ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ የሚለው ሰው አይኖርም።

በዘመናዊውም ትምህርታችን ተግባር ከዲግሪ በታች ነው የሚል አስተሳሰብ ከጥንት አልነበረም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የጤና መኰንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አሰልፎ በጤና ጣቢያ እንዲለማመዱ ያደርግ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም በ1957 ዓ.ም. በጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል አስገደደ፤ ብዙዎቹም በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲያስተምሩ ከረሙ። በማስተማርና በምክር አገልግሎት መካከል ያለውን ልዩነት ግን መዘንጋት አይገባም፤ ዛሬ የተበላሸ የሒሳብ ትምህርት ነገ በዚያው ሰሌዳ ላይ ሊደገም ይችላል፣ ምሥጢሩን አንድ ጊዜ ገልጦ ያልተሰማ ሰው ግን ወደዚያው ክፍል ሁለተኛ ላይመጣ ይችላል።

እንግዲህ የሚያስቸግረው የሰሚው ጉዳይ ነው። አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ መኖሩን የሚያስታውስ ሰው፣ በዚህ መስክ ያሉት የበቁ ባለሙያዎች ስንት ሸክም እንዳለባቸው አይስተውም፤ በተመላላሽ ክፍል ደጃፍ የተሰለፈውን ሕዝብ ሲያስተናግድ የዋለ ባለሙያ፣ ማምሻውን ደግሞ የአምስት ተለማማጆችን ጉዳይ በትዕግሥት ይስማ ማለት፣ ሰዓቱ እንደ ማስተማር ተቈጥሮ ካልተከፈለው፣ በሰው ደግነት ላይ ብቻ መደገፍ ነው። ስለዚህ ልምምዱን በጽሑፍ ምትክ ሊሰጥ የሚያስብ የትምህርት ክፍል፣ አስቀድሞ የሱፐርቫይዘሮቹን ስምና እያንዳንዳቸው የሚቀበሉትን የተማሪ ቍጥር ለይቶ ይጻፍ፤ ይህ ሳይሆን የሚወጣ ማስታወቂያ ተለማማጁን ወደ ካርድ ክፍል ልኮ ፋይል ሲያመላልስ ከማዋል አያልፍም። ተለማማጁም በበኩሉ ከጽሑፍ ፈጽሞ ነጻ አይውጣ፤ የአንድ ባለጉዳይን ሁኔታ፣ ማንነቱን በሚሰውር መንገድ፣ ምን እንዳሰበና ምን እንዳደረገ፣ የት ላይም እንደ ተሳሳተ ዘርዝሮ ይጻፍ። እንዲህ ያለው ሃያ ገጽ፣ ሌላ ሰው ካሰናዳው መቶ ገጽ ይልቅ ለፈታኝ ብዙ ነገር ይነግረዋል።

ተማሪውም ቅጹን ከመፈረሙ በፊት ወደ ክፍል ኀላፊው ቢሮ ገብቶ፣ ጉዳዬን የሚሰማኝ ማን ነው፣ በሳምንት በየትኛው ቀን፣ ለስንት ሰዓት ብሎ ይጠይቅ። ስምና ቀን ከተነገረው ልምምዱን ይያዝ። «እዚያ ስትደርስ የሚያይህ ሰው አይጠፋም» ከተባለ ግን ጽሑፉን መርጦ ይውጣ፤ ልምምዱንም ከተመረቀ በኋላ፣ ደመወዙ ቢያንስም፣ ሰሚ ካለበት ቤት ይፈልገው።