የሰው ሕይወት ማንበብ ወሬ ማሳደድ አይደለም

በተቋማችን ውስጥ ስለ ንባብ በተነሣ ቁጥር አንድ አባባል እንሰማለን። «ልብ ወለድ ለመዝናኛ፣ ደብተር ለፈተና ይሁን፤ ግለ ታሪክ ግን ምን ያደርጋል? የሰው ጓዳ መፈተሽ አይሆንም እንዴ?» ይባላል።

እኛ በዚህ አንስማማም። በመሠረቱ የሌላው ሕይወት የሚጥመን ሰው በመሆናችን ነው። አያቶቻችን ምድጃ ዳር ሲያወጉን «ከዚያስ?» እያልን ያመሸነው ለዚሁ ነበር። ሐሜት ባለቤቱ በሌለበት የሚወራ ነው፤ ግለ ታሪክን ግን ባለቤቱ ራሱ ወዶ ያጫውተናል። ታዲያ ምኑ ነው የሚያሳፍረው?

እስቲ ለሙያችን ከሚቀርበው እንጀምር። አሜሪካዊቷ ሄለን ኬለር እ.ኤ.አ. በ1880 ተወልዳ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላት በሕመም ምክንያት ማየትም መስማትም ተሳናት። በ1887 አን ሱሊቫን የምትባል መምህርት ቤታቸው መጣች። ዕድሜዋ ስንት ነበር መሰላችሁ? ሃያ! የብዙዎቻችን እኩያ ማለት ነው። ይህች መምህርት የልጅቷን አንድ እጅ በሚፈስ ውኃ ሥር አድርጋ፣ በሌላው መዳፏ ላይ «ውኃ» የሚለውን ቃል በጣት ምልክት ፊደል በፊደል ነገረቻት። ሄለን ነገር ሁሉ ስም እንዳለው የገባት ያን ጊዜ ነው። ጥቂት ቀደም ብላ አሻንጉሊቷን ሰባብራ ምንም አልመሰላትም ነበር። ከውኃው ስትመለስ ግን ስብርባሪውን ለቅማ ልትገጣጥም ሞከረች፤ አልሆነላትም፤ አለቀሰች። ይህን ሁሉ በ1903 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ራሷ ትነግረናለች።

ቃል ወደ ልጅ ልብ ሲገባ ጸጸትም አብሮ ሊገባ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማን ያስረዳናል? የሥነ ልቡና ትምህርታችን ስለ ሕፃናት በጠቅላላው ይነግረናል፤ ጥሩም ነው። ግለ ታሪክ ግን አንዲቱን ሕፃን ከውስጧ ሆነን እንድናያት ያደርጋል። ነገ ክፍል ስንገባ የሚጠብቁንም እኮ እንዲህ ለየብቻቸው ስምና ሆድ ያላቸው ልጆች ናቸው።

የሩሲያው ደራሲ ማክሲም ጎርኪ ደግሞ ሌላ ነገር ያሳየናል። በመደበኛ ትምህርት ብዙም ሳይገፋ፣ በቮልጋ ወንዝ ላይ በሚመላለስ መርከብ ሳሕን አጣቢ ሆኖ ሠርቷል። ከመጻሕፍት ጋር ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ የመርከቡ ወጥ ቤት፣ ስሙሪ የሚባል ሰው ነበር። ሳጥኑን ከፍቶ መጽሐፍ ያወጣና «አንብብልኝ» ይለው ነበር። እኛ ሰርተፊኬት ልንይዝ ነው፤ የዚያን ወጥ ቤት ያህል ለአንድ ልጅ ካልሆንን ግን ወረቀቱ ብቻውን ምን ይሠራል?

ወደ አገራችን ስንመጣ ሀብቱ ብዙ ነው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከአድዋ ጦርነት በኋላ ገና በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው እንዴት እንደተማሩ ጽፈዋል። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ «ካየሁትና ከማስታውሰው»፣ ሀዲስ ዓለማየሁ ደግሞ «ትዝታ» የተባሉ መጻሕፍት ትተውልናል። ሁለቱም በ1928 ዓ.ም. በሽሬ ግንባር ነበሩ፤ አንደኛው ጦር አዛዥ፣ ሌላው ከሥራቸው የዘመቱ ወጣት። ሁለቱም በኋላ ጣሊያን አገር ታስረዋል።

«ስለ ራሱ የሚጽፍ ሰው ራሱን ያወድሳል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ይኖራል። መድኃኒቱ ግን መጽሐፉን መዝጋት ሳይሆን ሌላ መጨመር ነው። አንዱን ጦርነት ከአዛዡም ከዘማቹም አንደበት ስናነብ፣ የት ላይ እንደሚገናኙና የት ላይ እንደሚለያዩ ራሳችን እንመዝናለን። ነገ ታሪክ ስናስተምርም የሚጠቅመን ይኸው ነው።

መጽሐፍ ውድ ነው፣ ቅጂውም ጥቂት ነው የሚለው ምክንያት አያዋጣንም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ! በየመኝታ ክፍላችን አንድ ቅጂ እናግኝና ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት በየተራ ድምፅ አውጥተን እናንብብ። ለአስተማሪነትም የድምፅ ልምምድ ይሆነናል።

ከዛሬ ሃያና ሠላሳ ዓመት በኋላ ከተማሪዎቻችን አንዱ የሕይወቱን ታሪክ ይጽፍ ይሆናል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እኛ እንደ አን ሱሊቫን ነው የምንገኘው ወይስ አለንጋ እንደ ያዘ ሰው? ከወዲሁ ልናስብበት ይገባል። ስለዚህ እናንብብ፣ እናስነብብ!