ጂግለር ውስጥ የገባው ሽቦ

ለዓመታት ቆሞ የከረመ ሞተር ሳይክል ጋራዥ ሲገባ የሚሆነውን አብዛኞቻችን አይተናል። ካርብሬተሩ ይወርዳል፣ ሳህኑ ይከፈታል፣ ቤንዚኑ የሚያልፍበት ጂግለር ይፈታል። ከዚያ መካኒኩ ከአሮጌ የፍሬን ገመድ አንዲት ዘለላ ሽቦ ይመዝዝና ጂግለሩን ወደ ብርሃን አንስቶ ያስገባል፣ ያወጣል፣ ያሽከረክራል። በአፉ እፍ ይልበትና «ተከፈተ!» ይላል። ሞተሩም ይነሳል፤ ባለቤቱ ከፍሎ ይሄዳል።

እኔ ይህን ልማድ እቃወማለሁ። አሮጌ ሞተር ሳይክል ለማደስ በሚጥሩ ሰዎች እጅ በየቀኑ የሚፈጸም ጥፋት ነው። ጥፋት መሆኑ የማይታወቀውም ሞተሩ በዚያው ቀን ስለሚነሳ ነው።

ልማዱን የወለደው አንድ የተሳሳተ እምነት ነው፦ ጂግለር ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳ ሲደፈን መብሳት ነው። ጂግለር ግን መለኪያ ነው። የጃፓኑ ኬይሂንና የጣሊያኑ ዴሎርቶ በጂግለሮቻቸው ላይ የሚቀርጹት ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ይናገራል። 38 የተጻፈበት የሚኒሞ (ሞተሩ ያለ ጋዝ ሲሠራ ነዳጅ የሚሰጠው) ጂግለር የቀዳዳው ስፋት 0.38 ሚሊ ሜትር ነው። ሚኩኒ ደግሞ ባለ ስድስት ማዕዘን በሆኑት ዋና ጂግለሮቹ ላይ የሚጽፈው በቀዳዳው የሚያልፈውን የነዳጅ መጠን ነው። ፋብሪካው ይህን ያህል የተጨነቀበትን ነገር እኛ በፍሬን ሽቦ እንጎረጉረዋለን።

ጂግለር የሚሠራው ከናስ ነው፤ ናስ ለስላሳ ነው። የፍሬን ገመድ ብረት ነው። ሁለቱ ሲፋተጉ ማን እንደሚበላ ለመካኒክ መንገር አያስፈልግም። 0.38 የነበረው ቀዳዳ 0.42 ቢሆን ዓይን ልዩነቱን አይለየውም፤ ሞተሩ ግን ይለየዋል። የክብ ቀዳዳ የገጽ ስፋት የሚያድገው በዲያሜትሩ ካሬ ስለሆነ፣ ያቺ አራት መቶኛ ሚሊ ሜትር የነዳጁን መንገድ 22 በመቶ ያህል አስፍታዋለች። ቀዳዳው ባይሰፋ እንኳ የአፉ ጠርዝ ከተጫረ ወይም ከዶለዶመ የሚያልፈው ነዳጅ መጠን ይለወጣል።

እዚህ አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይብሳል። ቤንዚን በደንብ እንዲነድ ለአንድ እጅ ነዳጅ በክብደት 14.7 እጅ ያህል አየር ይፈልጋል። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ አየራችን ከባሕር ዳርቻው አየር ወደ ሩብ በሚጠጋ ይሳሳል። ካርብሬተር ይህን በራሱ አያውቅም። ለዝቅተኛ አገር ተለክቶ የመጣ ጂግለር እዚህ ሲሠራ ከመጀመሪያውም ቤንዚን አብዝቶ ያጠጣል። በከፍታ ላይ የሚያስፈልገው ጠበብ ያለ ጂግለር ሆኖ ሳለ እኛ ያለውን እናሰፋዋለን። ከዚያ ማርሚታው ለምን ይጨሳል፣ ካንዴላው ለምን ጥላሸት ይለብሳል፣ ነዳጁ ለምን ቶሎ ያልቃል ብለን እንጠይቃለን።

እኔ ነገሩን የተማርኩት በአንድ ያማሃ ኤጂ 100 ነው። ባለ 97 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ምት፣ ለእርሻ ሥራና ለገጠር መንገድ የተሠራች ጠንካራ ሞተር ሳይክል ናት። ስገዛት ካርብሬተሯ «ሰርቪስ ተደርጓል» ተብሎ ነበር። ካንዴላዋ በየሳምንቱ ይጠቁራል። ካንዴላ ለወጥኩ፣ ኮይል ለወጥኩ፣ የአየር ማጣሪያውን አጠብኩ፣ ሚኒሞውን ከፍና ዝቅ አደረግሁ። ለወራት ጥፋቱን ከኤሌክትሪኩ ስፈልግ ቆየሁ። በመጨረሻ አንድ የቆዩ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ጂግለሩን ፈቱና በእጅ መነጽር አሳዩኝ፤ ክብ መሆን የነበረበት ቀዳዳ ሞላላ ሆኗል፣ ውስጡም ተቧጭሯል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሽቦ አያስገቡም?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሽቦ የማስገባው ፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ነው» አሉኝ።

ልክ የሆነ ጂግለር ሲገባላት ችግሩ በዚያው ቀን ለቀቀ። የበፊቱን ጂግለር እስካሁን በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ሽቦ ይዞ ለመጣ ሁሉ አሳየዋለሁ።

ሽቦን የሚከላከሉ መካኒኮች የሚያቀርቡት ምክንያት አለ፤ ልንቀው አልፈልግም። ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፤ የዕለት ገቢ ነው፤ የአሮጌ ሞዴል ጂግለር ደግሞ ገበያ ላይ እንደልብ አይገኝም ይላሉ። የመጨረሻው እውነት ነው፤ ግን የሚመሰክረው በእነሱ ላይ ነው። ተተኪ የሌለው ዕቃ ከሆነ ይበልጥ ሊጠነቀቁለት ይገባል። «ሙሉ ኪት ግዛና ሁሉንም ለውጥ» የሚለው ምክርም አያዋጣም። በርካሽ ኪት ውስጥ ከሚመጡት ጂግለሮችና መርፌዎች ውስጥ የተጻፈባቸው ቁጥርና እውነተኛ ልካቸው የማይገናኝ ገጥመውኛል። ጓርኒሲዮኑን ተጠቀሙበት፤ ፋብሪካው የሰጣችሁን ናስ ግን ሳትመረምሩ አትጣሉት።

በቆመ ሞተር ሳይክል ጂግለር ውስጥ ያለው ቆሻሻ አብዛኛውን ጊዜ ነዳጁ ተንኖ የተወው ሙጫ ነው። ሙጫ ደግሞ መሟሟት እንጂ መጎርጎር አይፈልግም። ጂግለሩን በካርብሬተር ማጽጃ ውስጥ ማሳደር፣ ካልለቀቀም ሁለተኛ ሌሊት መድገም ነው። ከዚያ በኮምፕረሰር አየር መንፋት። የሚገፋ ነገር የግድ ካስፈለገ የናይለን ክር፣ የመጥረጊያ ጭራ፣ ወይም ከኤሌክትሪክ ገመድ የተመዘዘች አንዲት ቀጭን የመዳብ ዘለላ ይበቃል፤ መዳብ ናስን አይጎዳም። ወደ ብርሃን ተነሥቶ ሲታይ ቀዳዳው ጥርት ያለ ክብ መሆን አለበት። አድካሚ ሥራ አይደለም። የሚጠይቀው አንድ ሌሊት ትዕግሥት ነው፤ አሥር ዓመት የቆመ ሞተር ሳይክል አንድ ሌሊት ቢጨመርበት ምን ይሆናል?

ስለ ሙጫ ካነሣሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ቤንዚን ላይ 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል ተጀምሮ ነበር። ኢታኖል እርጥበት ይስባል። እንዲህ ያለ ነዳጅ በሆዱ ይዞ የቆመ ካርብሬተር ሲከፈት ከሙጫው ሌላ ነጭና አረንጓዴ ዝገት ቢገኝበት አያስገርምም። ይህም ቢሆን ለሽቦ ፈቃድ አይሰጥም።

ሌላው የሚያናድደኝ ማንጸባረቅን ከማጽዳት ጋር ማምታታት ነው። እድሳት ማለት እንደ አዲስ ማብራት የሚመስላቸው ሰዎች የካርብሬተሩን ገላ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃሉ፣ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ይዘፈዝፋሉ፤ በኮስቲክ ሶዳ የሚቀቅልም አይቻለሁ። የብዙ አሮጌ ካርብሬተሮች ገላ የዚንክና የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። አሲድ ዚንክን ይበላል፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ያሟሟል። ያ ደብዛዛ ግራጫ ቀለም ብረቱ ራሱ ያበጀው ሽፋን ነው፤ ተፍቆ ሲነሣ ከወራት በኋላ ነጭ ዱቄት ያወጣል። የብርጭቆ ወረቀቱ ብናኝ ደግሞ የሚገባው እነዚያው ጠባብ መንገዶች ውስጥ ነው። ላዩ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ውስጡ የታፈነ ካርብሬተር ከአንድም ሁለት ጊዜ ፈትቻለሁ።

በድምፅ ሞገድ የሚያጥበው መሣሪያም አሁን አሁን እንደ መድኃኒት እየተወራለት ነው። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የተበላ ጂግለር ግን አይመልስም። በእያንዳንዱ የካርብሬተሩ ቀዳዳ ፈሳሽ ረጭቶ በሌላው ጫፍ መውጣቱን በዓይን ከማየትም አያድንም።

ከመፍታት በፊት ስላለው ግድየለሽነትም ዝም ማለት አልችልም። በአሮጌ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ላይ ያሉት ባለ መስቀል ቪቴዎች የተሠሩት በጃፓን ደረጃ ነው፤ በተለመደው ባለ መስቀል ካቻቪቴ ሲፈቱ ራሳቸው ይላጣል። የሚኒሞውን የድብልቅ ቪቴ ከማውጣታችሁ በፊት እስኪነካ ድረስ በቀስታ አጥብቁና ስንት ዙር እንደሄደ ጻፉ። ኃይል ከተጠቀማችሁ ሹል ጫፉ ላይ ቀለበት ይቀረጻል፤ ከዚያ ወዲያ በትክክል አይዘጋም። የማጽጃ ፈሳሽ ከመርጨታችሁ በፊትም ላስቲክና ስስ ሽፋን ያለውን ሁሉ አውጡ፤ ጠንካራ ማጽጃ ላስቲክ ያሳብጣል።

አሮጌ ሞተር ሳይክል ያላችሁ፣ ለማደስ ያሰባችሁ ሁሉ፦ ካርብሬተራችሁ ሲፈታ አጠገቡ ሁኑ። በጂግለሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብባችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ከፍሬን ገመድ ላይ ሽቦ ሲመዘዝ ካያችሁ ጂግለሩን በትሕትና ተቀበሉና ቤታችሁ ወስዳችሁ ማጽጃ ውስጥ አሳድሩት።